ማን ዘጋው? የጋራ ኢንቦክስ ላይ ማሽን ሲሰራ ምክንያቱን ጽፎ እንዲሄድ ስለማድረግ

ነገሩን ከአንድ ደንበኛችን ልጀምረው። እኛ ጤፍ፣ ማርና ቅቤ ከጎጃም አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች የምንልክ አምስት ልጆች ነን፣ ሁለታችን ደብረ ማርቆስ ነን፣ አንዱ ቢቸና ከገበሬዎቹ ጋር ነው፣ አንዷ ባህር ዳር ሆና ሂሳቡን ትይዛለች፣ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ መናኸሪያ ላይ እየተቀበለ ቤት ለቤት ያደርሳል። አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ አንድ ኩንታል ጤፍና 20 ኪሎ ማር አዘዙን። ጤፉ በሰዓቱ ሄደ፣ ማሩ ግን ሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ስለነበር አብሮ አልደረሰም። እሳቸውም በኢሜይል እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፣ ጤፉ ደርሶኛል በጣም ነጭ ነው፣ ማሩ ግን የለም፣ ጠጁን ቅዳሜ ነው የምጥለው»።

መልእክቱ አምስታችንም የምናየው የጋራ ኢንቦክስ (የመልእክት ሳጥን) ውስጥ ገባና እዛው ሰከንድ ላይ ተዘጋ፣ ጉዳዩ አልቋል ተባለ ማለት ነው። ከአምስታችን አንድም ሰው አላነበበውም። ሰኞ ጠዋት ራሳቸው ደወሉ፣ ሳይቆጡ «ልጄ፣ የማሩን ነገር እኮ ዝም አላችሁኝ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከፍቼ ሳየው ውይይቱ «ተዘግቷል» ይላል፣ ማን እንደዘጋው ግን አይልም። ባህር ዳር ያለችው ልጅ አዲስ አበባ ያለው ነው የዘጋው አለች፣ እሱ እኔ አልነካሁትም አለ፣ ሁለቱ ለሳምንት ያህል በደንብ አልተነጋገሩም። የዘጋው ግን ሰው አልነበረም፣ ከወር በፊት እኔ የጻፍኩት ሩል (ማሽኑ በራሱ እንዲሰራ የሚጻፍለት መመሪያ) ነው፦ ደንበኛው «አመሰግናለሁ» ወይ «እግዜር ይስጥልኝ» ካለ ጉዳዩ አልቋል ማለት ነውና ዝጋው። በኛ አገር ግን ሰው ቅሬታውን እንኳን አመስግኖ ነው የሚጀምረው፣ እኔ ያንን ሳላስብበት ነው የጻፍኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ከዛ ወዲህ ይሄን ነገር በደንብ አጥንቼዋለሁ። አሁን የጋራ ኢንቦክስ የሚጠቀም ሰው ብዙ ስለሆነ (ሱቅ፣ የጉዞ ቢሮ፣ የማህበር ጽህፈት ቤት፣ ሁሉም) የገባኝን በቀላሉ ላስረዳ።

መጀመሪያ የጋራ ኢንቦክስ ሲባል የአንድ ጂሜይል ፓስወርድ ለአምስት ሰው ማደል ማለት አይደለም። እኛም ለሁለት ዓመት እንደዛ ነበርን። ችግሩ አንዱ ያነበበው ለሁሉም እንደተነበበ ሆኖ ይታያል፣ ከፍቶ ያየው ልጅ መናኸሪያ ላይ ኬሻ እያወረደ ስለነበር ማታ እመልሳለሁ ብሎ ይረሳዋል፣ ሌላው ደግሞ የተነበበ መልእክት ሲያይ ተመልሷል ብሎ ያልፋል፣ ደንበኛው እንደ ሁለት ቤት እንግዳ ጾሙን ያድራል። ወይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይሆንና ሁለት ሰው እኩል ይመልሳል፣ አንዱ በ5,200 አንዱ በ5,400 ብር።

ትክክለኛው የጋራ ኢንቦክስ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ አለው፣ አድራሻው ግን አንድ ነው። እያንዳንዱ ውይይት (ማለቴ ከአንድ ደንበኛ ጋር የተደረገው ምልልስ በሙሉ) ኃላፊ ይመደብለታል፣ ክፍት ወይም ዝግ ይሆናል፣ ሌብል (የምን ጉዳይ እንደሆነ የሚናገር አጭር ምልክት) ይለጠፍበታል፣ ደንበኛው የማያየው የውስጥ ማስታወሻም ይጻፍበታል። ጎግል ግሩፕስ ውስጥ ኮላቦሬቲቭ ኢንቦክስ የሚባለውን ካበራችሁ ይሄን በመጠኑ ይሰጣል፣ ውይይቱን ለሰው መመደብ፣ አልቋል ብሎ ማስፈር፣ ድግግሞሽ ነው ማለት ይቻላል። ከዛ ከፍ ሲል እንደ ፍሮንት፣ ሚሲቭ፣ ዜንዴስክ ያሉ በክፍያ የሚሰሩ አሉ። የፌስቡክ ፔጅ ላላችሁ ሜታ ቢዝነስ ስዊት የሜሴንጀሩንና የኢንስታግራሙን መልእክት በአንድ ቦታ ይሰበስብላችኋል። ዋትስአፕ ቢዝነስ አንድ ቁጥር ከስልኩ ሌላ እስከ 4 መሳሪያ ላይ እንዲከፈት ይፈቅዳል፣ 20 ሌብልም ይሰጣል። ቴሌግራም ደግሞ በፈረንጆቹ 2024 ለፕሪሚየም ተጠቃሚዎች የቢዝነስ ነገር ጨምሯል፣ የሰላምታ መልእክት፣ የሌለሁም መልእክት፣ የተዘጋጀ አጭር መልስ፣ ቦት (በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ማገናኘት። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ።

አውቶማቲክ ማድረግ የሚባለው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሩል ሦስት ነገር ነው ያለው፦ መቼ፣ ምን ከሆነ፣ ምን አድርግ። መልእክት ሲገባ፣ ውስጡ «ደረሰኝ» የሚል ካለ፣ ሂሳብ ለምትይዘው ልጅ ስጣት። በቃ ይሄው ነው። እዚያው ኢንቦክሱ ውስጥ የሚጻፉ ሩሎች አሉ፣ ከውጭ በፕሮግራም የሚሰሩም አሉ። ከውጭ ለሚሰራው ሁለት ቃል ማወቅ ያስፈልጋል፣ ዌብሁክና ኤፒአይ። ዌብሁክ ማለት «ሲመጣ ደውልልኝ» እንደማለት ነው፣ አንተ በየደቂቃው እየሄድክ መጣ ወይ መጣ ወይ ከምትል አዲስ ነገር ሲገባ ኢንቦክሱ ራሱ ወደሰጠኸው አድራሻ ይልክልሃል። ኤፒአይ ደግሞ የጓሮ በር በለው፣ ያንተ ፕሮግራም በዚያ ገብቶ ኢንቦክሱን ይሄን ዝጋ፣ ይሄን ለእከሌ ስጥ ብሎ የሚያዝበት ነው። በሩን የሚከፍተው ቶክን የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ እሱን የያዘ ሰው የደንበኞቻችሁን ሁሉ ደብዳቤ ማንበብ ይችላልና በቴሌግራም ግሩፕ አትላላኩት፣ አንድ ጊዜ እንኳን አምልጦ የወጣ ከመሰላችሁ ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።

እስካሁን ያለው ማንም ሊነግራችሁ የሚችለው ነው፣ እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው።

መናኸሪያ እቃ የላከ ሰው ያውቀዋል፣ ኬሻው ላይ በማርከር ስም፣ ስልክና የሚወርድበት ቦታ ይጻፋል። ረዳቱ መንገድ ላይ ኬሻውን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲያዛውር ደህና ረዳት ከሆነ እዛው ላይ ጨምሮ ይጽፋል፣ «ደጀን ላይ ተዛውሯል» ይልና የመኪናውን ቁጥር ያስቀምጣል። አዲስ አበባ የሚቀበለው ልጅ ኬሻውን ሲያይ ምን እንደደረሰበት ያውቃል፣ ለማንም መደወል የለበትም። ረዳቱ ዝም ብሎ ካዛወረው ግን ኬሻው ቢደርስም ባይደርስም ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉን ይጠረጥራል።

ኢንቦክስ ላይ የሚሰራ ማሽንም ልክ እንደዚያ ረዳት ነው። ውይይቱን በሁለት መንገድ ሊነካው ይችላል። አንደኛው ዝም ብሎ መቀየር ነው፣ ክፍት የነበረውን ዝግ ያደርጋል፣ ሌብል ይለጥፋል፣ ሰው ይመድባል፣ ምንም ቃል አይተውም። ሁለተኛው በፖስት መስራት ነው። እዚህ ላይ ፖስት ስል ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ማለቴ አይደለም፣ ውይይቱ ውስጥ በመልእክቶቹ መሀል የሚገባ፣ ለቡድኑ ብቻ የሚታይ፣ ለደንበኛው የማይላክ ጽሁፍ ነው። ማስታወሻ ይመስላል ግን የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ሚሲቭ የሚባለው መሳሪያ (ካናዳ ኩቤክ ያሉ ልጆች የሰሩት ነው) ኤፒአዩ ላይ ይሄን ለይቶ አስቀምጦታል፣ አንድ ፖስት ስትልክ ጽሁፉን፣ የላከውን ሩል ስም፣ ለቡድኑ ስልክ ላይ ብቅ የሚለውን የማሳወቂያ ርእስና ቃል ትሰጠዋለህ፣ ከሱ ጋር በአንድ ላይ ደግሞ ዝጋው፣ መልሰህ ክፈተው፣ ይሄን ሌብል ጨምር ያንን አንሳ፣ ለእከሌ መድብ፣ ወደ ቡድኑ ሳጥን መልስ ልትለው ትችላለህ። ድርጊቱና ምክንያቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ ማለት ነው። ሰሪዎቹም መመሪያቸው ላይ ውይይት በአውቶማቲክ ስታስተዳድሩ በፖስት አድርጉት፣ ባልደረቦቻችሁ የትኛው ሩል ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ እንዲያዩ፣ ብለው አጥብቀው ይመክራሉ። እኔ ይሄን ምክር ቀድሜ አንብቤ ቢሆን የዚያች ሳምንት ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር።

መሳሪያችሁ ፖስት የሚባል ነገር ከሌለው የውስጥ ማስታወሻ በኤፒአይ መጻፍ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፣ እሱን ተጠቀሙ፣ መጀመሪያ ማስታወሻው ይጻፍ ከዚያ ድርጊቱ ይከተል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ መሀል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ «ልዘጋው ነው» የሚል ማስታወሻ ያለው ክፍት ውይይት ይሻላል፣ ማስታወሻ የሌለው ዝግ ውይይት ግን ጠፍቷል ማለት ነው።

አንዱን ከቅርብ ላሳያችሁ። ደንበኛ በቴሌብር ወይ በባንክ ይከፍልና ስክሪንሹት ይልካል። ባህር ዳር ያለችው ልጅ ገንዘቡ በእውነት መግባቱን አይታ ጎግል ሺት (ሁላችንም በኢንተርኔት የምናየው ሰንጠረዥ) ላይ በትእዛዝ ቁጥሩ ትይዩ «ገብቷል» ብላ ትሞላለች። ድሮ ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ላይ ለኛ ትጽፋለች፣ እኛ ደግሞ ኢንቦክሱን እንፈልጋለን፣ አንዳንዴ ስም ተመሳስሎ ሌላ ሰው እቃ ጭነናል። አሁን ሺቱ ላይ ያለች ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) «ገብቷል» የሚለው ሲሞላ ውይይቱ ውስጥ ይቺን ፖስት ታስገባለች፦

«የክፍያ ሩል፦ ለትእዛዝ 318 ሙሉ ክፍያ ገብቷል፣ ያረጋገጠችው ሂሳብ ክፍል፣ ዛሬ 4 ሰዓት ከ20። ስለዚህ ‹ክፍያ ይጠበቃል› የሚለው ሌብል ተነስቶ ‹ለጭነት› ተለጥፏል፣ ውይይቱ ለማርቆስ ጭነት ተመድቧል። ስህተት ከሆነ ሌብሉን መልሱና ሺቱ ላይ አስተካክሉ።»

አራት ነገር አለባት፦ ማን እንደሰራው፣ ምን አይቶ እንደሰራው፣ ምን እንደቀየረ፣ ስህተት ከሆነ እንዴት እንደሚመለስ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም እሱን ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ጭነት የሚጭነው ልጅ ፕሮግራም አያውቅም፣ ማሽን አደረገው ሲባል አይነካም መስሎት ይተወዋል፣ መንካት እንደሚችል ተጽፎ ሲያየው ግን እጁን ይዘረጋል።

ፖስቱ የትኛው ውይይት ውስጥ እንደሚገባ በምን ያውቃል ለሚለው፣ ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንደኛው እያንዳንዱ ውይይት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ትእዛዙ ሲመዘገብ ያንን ቁጥር ሺቱ ላይ አብሮ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የኢሜይሉን የራሱን ስርአት መጠቀም ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ሜሴጅ አይዲ የሚባል ልዩ መለያ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሰው ሲመልስለት መልሱ ‹የየትኛው መልስ ነኝ› የሚለውን በድብቅ መስመሮቹ ላይ ይዞ ይመለሳል፣ ሪፈረንስስ የሚባለው መስመር ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለው ሰንሰለት ይጻፋል። ይሄ ከ1982 (በፈረንጅ) የኢሜይል ደንብ ጀምሮ ያለ፣ በ2008 በታደሰው ላይም የቀጠለ ነገር ነው፣ መልሶች ከመጀመሪያው ደብዳቤ ስር የሚሰበሰቡት በሱ ነው። ርእሱን ብቻ አይቶ ማገናኘት ግን አደገኛ ነው፣ ሰው ሁሉ ርእሱ ላይ «ሰላም» ብሎ ነው የሚጽፈው፣ የአንዱ ክፍያ የሌላው ውይይት ውስጥ ይገባል። ደግሞ ምንም መለያ ሳትሰጡት ፖስት ብትልኩ ሚሲቭ ላይ አዲስ ውይይት ይከፈታል፣ መጀመሪያ ሰሞን ኢንቦክሳችን በባዶ ውይይት የተሞላው ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፣ ይሄን የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ሩል ቃል እየፈለገ ነው የሚሰራው፣ ማሽን ደግሞ ፊደል እንጂ ድምጽ አያውቅም። «ትእዛዝ» ብዬ ሩል ጻፍኩ፣ ግማሹ ደንበኛ «ትዕዛዝ» ብሎ ይጽፋል፣ ለኔ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን «እ» እና «ዕ» እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ናቸው። «ሂሳብ» እና «ሒሳብ»፣ «እቃ» እና «ዕቃ»፣ «መሰረዝ» እና «መሠረዝ» እንደዛው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥበት ደንብ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 በስሪት 3.0 ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ሀና ሐና ኀ ሦስት ቁጥር ናቸው። መድሀኒቱ ሩሉ ከማየቱ በፊት መልእክቱን ማጠፍ ነው፣ ማለትም ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ቅጂ ወስዶ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው መለወጥ፣ እንዲሁም ሀና ሃ፣ አና ኣ አንድ ድምጽ ስለሆኑ እነሱንም ማዋሀድ። የደንበኛው ጽሁፍ ራሱ አይነካም፣ ሰው እንደጻፈው ይቀመጥ።

ይሄ ብቻ አይበቃም። ቃላችን ከፊትም ከኋላም ይበቅላል፣ ዋጋ፣ ዋጋው፣ የዋጋ፣ በዋጋችሁ፣ ስለዚህ ሩሉ «እኩል ከሆነ» ሳይሆን «ውስጡ ካለ» መባል አለበት። ግን ያም ቢሆን ለአጭር ቃል አደጋ አለው፣ «ማር» ብላችሁ ብትፈልጉ «ማርቆስ» የሚል ሁሉ ይገባል፣ እኛ ጋ የማር ሌብል ደብረ ማርቆስ ብሎ አድራሻ የጠየቀ ሰው ላይ ሁሉ ሲለጠፍ ነበር። ሌላው በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ የሚጽፈው ነው፣ ያንን በቃል ፍለጋ እከታተላለሁ ማለት መድከም ነው፣ እኛ የእንግሊዝ ፊደል የበዛበትን መልእክት ማሽኑ ምንም ሳይወስን «ሰው ያንብበው» የሚል ፖስት ብቻ አስገብቶ እንዲተወው አድርገናል።

ሰዓትም አለ። እኛ ስራ የምንጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ የምንዘጋው ማታ 12። ሩሉ ላይ ከ2 እስከ 12 ብሎ መሙላት በጣም ቀላል ስህተት ነው። ብዙ ሰርቨር (ፕሮግራሙ የሚሰራበት ኮምፒውተር) የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም የጋራ ሰዓት ነው፣ በሱ 2 ሰዓት ማለት ለኛ ከሌሊቱ 11 ነው፣ 12 ሰዓት ደግሞ ከቀኑ 9፣ ስለዚህ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ከሰአቱን ሙሉ «ቢሮ ዝግ ነው» የሚል መልስ ለሰው ይሄዳል፣ እኛ ቁጭ ብለን። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የቀኑን ሰዓታችንን 6 ብንጨምርበት የፈረንጁ የአዲስ አበባ ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያ 3 ሲቀነስ ዩቲሲ ነው፣ በአጭሩ በቀን ሰዓታችን ላይ 3 መጨመር ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት በዩቲሲ 5፣ ማታ 12 ደግሞ 15። ፖስቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ግን በኛው አቆጣጠር ይሁን፣ ኬሻ የሚጭን ልጅ በየጊዜው ቀንስ ደምር እንዲል ማድረግ ተገቢ አይደለም። የበዓል ዝርዝር ስትሞሉም ጳጉሜን አትርሱ፣ ፕሮግራሞቹ 13ኛ ወር አያውቁም፣ እንቁጣጣሽ ደግሞ በነሱ አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11 አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ነው።

ከአውቶማቲክ መልስ የሚመጣ ሌላ መዘዝ ደግሞ ማሽን ለማሽን ሲመልስ ነው። የኛ ማሽን «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላል፣ ደንበኛው እረፍት ላይ ከሆነ የሱ ማሽን «ቢሮ የለሁም» ይላል፣ የኛው ለዚያም «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቀባበላሉ። በፈረንጅ 2004 የወጣ ደንብ አለ፣ በማሽን የተላከ ኢሜይል ድብቅ መስመሩ ላይ ኦቶ ሰብሚትድ የሚል ምልክት ይያዝ፣ ያ ምልክት ላለበት ማንም ማሽን አይመልስ ይላል። ሩላችሁ ላይ ይሄን አስገቡ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አውቶማቲክ መልስ አይሂድ በሉ።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሆነውን እኛ አካባቢ ያለ ሰው ሳልነግረው ያውቃል። ዌብሁክ ሲላክ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ላኪው መልሶ መላልሶ ይሞክራል። መልእክቱ ደርሶን «ደርሶኛል» የሚለው ምላሻችን መንገድ ላይ ከቀረ ያው ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ክፍያ ገብቷል ብሎ ፖስት ያደርጋል፣ ጭነት ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ሦስት ኩንታል ይመስለዋል። ለዚህ እያንዳንዱ ክስተት የያዘውን መለያ መዝግቦ ማስቀመጥና ከዚህ በፊት የሰራነው ከሆነ ማለፍ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ሲፈስ ደግሞ ኢንቦክሱ 429 የሚል ቁጥር ይመልሳል፣ በዛብኝ ማለቱ ነው፣ ያኔ ፕሮግራሙ ቆም ብሎ ትንሽ ጠብቆ መሞከር አለበት እንጂ እየደጋገመ መምታት የለበትም። የፌስቡክ ሜሴንጀርና የዋትስአፕ ቢዝነስ ኤፒአይ የ24 ሰዓት ገደብም አላቸው፣ ደንበኛው ከጻፈ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ እንደልብ መመለስ አይቻልም፣ ስለዚህ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ገደቡ ሊያልፍ የደረሰውን ነው፣ 20 ሰዓት ያለፈው ውይይት ላይ «4 ሰዓት ቀርቶታል» የሚል ፖስት እንዲገባ ያደረግኩትም ለዚሁ ነው።

ለማሽን የማልሰጠው ነገርም አለ። ዋጋ መናገር አልሰጠውም፣ የጤፍ ዋጋ በየሳምንቱ ነው የሚለዋወጠው። ቅሬታ መመለስ አልሰጠውም። ሰው «አባቴ አርፎ ነው ትእዛዙን ሰርዙልኝ» ብሎ ሲጽፍ «ጥያቄዎ ደርሶናል እናመሰግናለን» የሚል መልስ ቢደርሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት፣ እዚያ ላይ እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ያለበት ሰው ነው፣ ስለዚህ እንደ አረፈ፣ ለቅሶ፣ ታመመ፣ ሆስፒታል ያሉ ቃላት ካሉ አውቶማቲክ መልሱ ራሱ ይታገዳል፣ ፖስቱ ደግሞ «ይሄን ሰው ይመልስ፣ ቢቻል ይደወል» ይላል። መዝጋትም ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለማሽን እንደልቡ አልተሰጠም፣ ሁሉም ተልኮ ደርሶ 7 ቀን ምንም ያልተባለበትን ውይይት ብቻ ነው የሚዘጋው፣ ያም በፖስት፣ ደንበኛው ቢጽፍ ደግሞ ወዲያው መልሶ ይከፍተዋል።

የምስጋናዋን ሩል ግን አላጠፋኋትም፣ ስራዋን ቀየርኩት። አሁን «እግዜር ይስጥልኝ» ወይም «አመሰግናለሁ» ያለበት መልእክት ሲገባ ከሱ በኋላ «ግን»፣ «ነገር ግን»፣ «የለም»፣ «አልደረሰም» የሚል ካለ ትፈልጋለች፣ ካገኘች ምንም ሳትዘጋ ፖስት ታስገባለች። ባለፈው ሐሙስ የመጣው ይሄ ነበር፦ «የምስጋና ሩል፦ ደንበኛዋ አመስግነዋል፣ ከምስጋናው በኋላ ‹ግን› ብለዋል። አልዘጋሁትም። ለአዲስ አበባ ማድረሻ መድቤዋለሁ፣ አንብቡት።» ከስሩ ያለው መልእክት ቅቤው ጥሩ ነው ግን ጣሳው ትንሽ ያፈሳል የሚል ነው፣ ከሱ በታች ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ልጅ በ11 ደቂቃ ውስጥ ጽፎላቸዋል፦ «እትዬ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ዛሬ ማታ ሌላ ጣሳ ይዤ እመጣለሁ፣ ያኛውን እስከዚያ ድስት ላይ ያስቀምጡት»።